ስምንት ሲኒ ቡና እና 29 ሚሳኤል

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት 4 ኪሎ አካባቢ በአንድ አነስተኛ አዳራሽ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ድምፁን በስልክ ቀርጸነው ነበር። ቆርቆሮው ላይ የወረደው ዝናብ ግማሹን ዋጠው። ስለዚህ ከማስታወሻዬ ጋር እያመሳከርኩ ጻፍኩት። የተደጋገመውን ቀንሻለሁ። አዳራሹ የሳቀበትን አልነካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ወደዚህ ስመጣ በቸርችል ጎዳና ነው ሽቅብ የወጣሁት። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ሴባስቶፖል ቆሟል። ማለቴ አምሳያው ነው፤ ዋናው ዛሬም መቅደላ ነው ያለው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። አጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች አሠሩት። ክብደቱ 7 ቶን ይጠጋል። በሰው ጉልበት ዳገት ቁልቁለቱን ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ።

ሰው እዚያ ጋ ሲያልፍ ፎቶ ይነሳል። እኔ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሁሌ አንድ ጥያቄ ነው የሚመጣብኝ። እንዲህ ያለውን መድፍ እንዴት አድርጎ ነው ሰው የሚሞክረው?

አስቡት። ያላችሁ አንድ መድፍ ብቻ ነው። በትንሽ ባሩድ ብትሞክሩት፣ በሙሉ ባሩድ ምን እንደሚሆን አይነግራችሁም። በሙሉ ባሩድ ብትሞክሩትና ቢፈነዳ፣ መድፍም የላችሁ ተኳሽም የላችሁ። ጭራሽ ካልሞከራችሁት ደግሞ የመጀመሪያው ሙከራ ጠላት ፊት ይሆናል።

የዛሬው ወሬዬ ይኸው ነው። ጥቂት ጊዜ ብቻ መተኮስ ሲቻል የት ይተኮስ? መቼ? በምን ሁኔታ? ሰው ብዙውን ጊዜ “ስንት ጊዜ ተሞከረ?” ብሎ ይጠይቃል። እኔ “የት የት ተሞከረ?” የሚለው ይበልጥብኛል።

ጦርነት በሰለቸው ሰው ፊት የጦር ዕቃ ወሬ ማንሳት ደስ አይልም። አውቃለሁ። ግን የጦር ዕቃ ሲባል ሚሳኤል ብቻ አይደለም። የመገናኛ ሬዲዮ ነው፤ ጫማ ነው፤ የራስ ቁር ነው፤ የአምቡላንስ ሞተር ነው። በደንብ ያልተሞከረ ዕቃ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው የያዘውን ልጅ ነው።

ከቤቴ ልጀምር።

አማቴ በከሰል የፈላ ቡናና በኤሌክትሪክ ምድጃ የፈላ ቡና አንዴ ፉት ብለው ይለያሉ። እሳቸው እንደሚሉት ማለቴ ነው። እኔ ስታትስቲክስ አስተማሪ ነኝ፤ ዝም ማለት አቃተኝ። አንድ እሑድ ሁለት ጀበና አስጣድኩ። ቡናው አንድ፣ ውሃው አንድ፣ የቆላችው አንድ ሰው። 8 ሲኒ ደረደርኩ። አራቱ የከሰል፣ አራቱ የኤሌክትሪክ። የትኛው ቀድሞ እንደሚቀርብ በዕጣ ወጣ። ወረቀት ጠቅልዬ፣ ኮፍያ ውስጥ ጨምሬ፣ ልጄ አወጣች። እንደ ዕቁብ ማለት ነው። ዳኛው ራሱ ተራ ቢደለድል ሰው ይጣላል አይደል? እዚህም እንደዚያው ነው።

አማቴ “አራቱን የከሰል ምረጡ” ተባሉ። ከ8 ሲኒ 4 የሚመረጥበት መንገድ 70 ነው። ስለዚህ ምንም ሳያውቁ በዕድል ብቻ አራቱንም ለማግኘት ያላቸው ዕድል 1 ከ70 ነው። እሳቸው ሦስቱን አገኙ። አንዷን ሳቱ። በዕድል ብቻ ሦስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል 17 ከ70 ነው። ከአራት አንድ ጊዜ ገደማ። ይህን ነገርኳቸው።

“ልጄ፣ ያቺ ሲኒ በሳሙና ታጥባ በደንብ አልተለቀለቀችም” አሉኝ። “ደግሞ እናንተ ስትቆጥሩ መጨረሻ ላይ ያሉት ቀዘቀዙ።”

ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን ማታ ሳስበው ነገሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ሳሙና ያለባት ሲኒ የምትለካውን ነገር ታበላሻለች። መቀዝቀዙ ከጊዜ ጋር ይመጣል፤ ለዚህ ነው ዕጣ ያስፈለገው። አራቱን የከሰል መጀመሪያ፣ አራቱን የኤሌክትሪክ ኋላ ሰጥቻቸው ቢሆን ኖሮ የከሰልን ጣዕም ሳይሆን የሙቀትን ጣዕም ነበር የምንለካው። 8 ሲኒ ደግሞ ትንሽ ነው። ሦስቱን የሚያገኝ ሰው በእርግጥ የሚያውቅ ይሁን ዕድለኛ መለየት አይቻልም።

ጨዋታው የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሮናልድ ፊሸር የሚባል እንግሊዛዊ በወተት ሻይ አድርጎታል። አንዲት ባልደረባው ወተቱ ይቅደም ሻዩ ይቅደም እለያለሁ ስላለች ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ጻፈው። ፊሸር የሚሠራው ሮታምስቴድ በሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነበር። የሙከራ ንድፍ የምንለው፣ የትና እንዴት እንደሚሞከር አስቀድሞ የማቀድ ሙያ፣ የጦር ካምፕ ውስጥ አልተወለደም፤ ማሳ ላይ ነው የተወለደው። የእኛም የጤፍ ተመራማሪዎች የሚኖሩበት ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣውን ቁንጮ ጤፍ አስታውሱ። አንድ ዝርያ እዚያ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ማሳ በብሎክ ተከፍሎ፣ በዕጣ ተደልድሎ፣ ከቦታ ቦታ ተደጋግሞ ተዘርቶ ነው። ቦይ አጠገብ ያለው መሬት ሁሌ ያብባል። አዲሱን ዝርያ እዚያ ብቻ ዘርቶ “ተአምር ነው” ማለት ይቻላል። ተመራማሪ ግን እንዲህ አያደርግም።

ሙያው ወደ ጦር ካምፕ የገባው በጦርነት ነው። ጆርጅ ቦክስ የሚባለው ትልቅ ስታትስቲሺያን መጀመሪያ ኬሚስትሪ ተማሪ ነበር። የእንግሊዝ ጦር የመርዝ ጋዝ ሙከራ ጣቢያ ውስጥ መደቡት። ውጤቱ ከቀን ቀን ይለዋወጥበታል። “ስታትስቲሺያን ያስፈልገናል” አለ። የለም ተባለ። “ስለዚህ አንተው ሥራው።” ቦክስ ከዚህ ነው የጀመረው። መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይቺን ዓይነት ሹመት ያውቃታል።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ። በዚህ ርዕስ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ሲገባ ሰርጓጅ መርከቦቹ ማርክ 14 የሚባል ቶርፒዶ፣ በውሃ ውስጥ ተጉዞ መርከብ የሚመታ ፈንጂ፣ ይዘው ነበር። የአንዱ ዋጋ 10 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ በዚያ ዘመን ገንዘብ። በሰላሙ ጊዜ ደግሞ አገሪቱ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። ስለዚህ እያፈነዳ የሚሞክር አልነበረም። አዲሱ ማፈንጃ ረቂቅ ነው። ቶርፒዶው ከመርከቡ ሥር ሲያልፍ የብረቱ መግነጢስ ይቀሰቅሰዋል ተብሎ የተሠራ ነው። በእውነተኛ ፈንጂ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1926 አንድ ያረጀ ሰርጓጅ መርከብ ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ተኮሱ። የመጀመሪያው ከሥር አልፎ ሄደ፤ ድምፅም የለ። ሁለተኛው ፈነዳ። ከዚያ ወዲያ ጦርነቱ እስኪመጣ በፈንጂ የሞከረው የለም።

1 ከ2። አማቴ እንኳ ከዚህ የተሻለ አምጥተዋል።

ጦርነቱ መጣ። ካፒቴኖቹ ይተኩሳሉ፤ መርከቡ ይሄዳል። ሪፖርት ይጽፋሉ። መልሱ “አተኳኮሳችሁ ነው” ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1942 አድሚራል ቻርልስ ሎክውድ ታከተው። አውስትራሊያ ውስጥ፣ አልባኒ አጠገብ፣ የዓሣ አጥማጅ መረብ ባሕሩ ውስጥ አስዘረጋ። ቶርፒዶውን ለ10 ጫማ ጥልቀት ሞሉና ወደ መረቡ ላኩት። መረቡ የተቀደደው 25 ጫማ ላይ ነው። እስከዚያ ቀን 800 የሚያህል ቶርፒዶ በውጊያ ተተኩሷል።

ለምን እንዲህ ሆነ? በሰላሙ ጊዜ የሚሞከረው ፈንጂ በሌለው የልምምድ ራስ ነበር። የልምምዱ ራስ ከእውነተኛው ፈንጂ ይቀላል። የቀለለው ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ የከበደው ዝቅ ይላል። የጥልቀት መለኪያው ራሱም የሚያሳስት ቦታ ላይ ተገጥሞ ነበርና “ደህና ነው” ይላል። መድፉን በትንሽ ባሩድ ሞክሮ ወደ ጦር ሜዳ መጎተት ማለት ይህ ነው።

ጥልቀቱ ተስተካከለ። ሁለተኛ ችግር ብቅ አለ። የመግነጢሱ ማፈንጃ ወይ ሳይደርስ ይፈነዳል፣ ወይ ጭራሽ አይፈነዳም። አዘጉት። ሲጋጭ የሚያፈነዳው ብቻ ቀረ። ሦስተኛው ችግር ወጣ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 ቲኖሳ የምትባል ሰርጓጅ አንድ ትልቅ የጃፓን መርከብ መታ አቆመች። የቆመ መርከብ ነው። ካፒቴኑ ተረጋግቶ፣ ማዕዘኑን አስተካክሎ፣ አንድ በአንድ ይተኩስ ጀመር። ይመታል፤ አይፈነዳም። ይመታል፤ አይፈነዳም። በመጨረሻ አንድ ቶርፒዶ ሳይተኩስ አስቀረ፤ ወደ ሃዋይ ይዞት ሊመለስ።

ሃዋይ ላይ ርካሽ ሙከራ ፈለሰፉ። ፈንጂ የሌለበትን ራስ ማፈንጃውን አስገጥመው ከ90 ጫማ ከፍታ በክሬን ብረት ሳህን ላይ ጣሉት። በቀጥታ ሲያርፍ ከ10 ሰባቱ ከሸፉ። ሳህኑን ሲያዘነብሉት ብልሽቱ ቀነሰ። ነገሩ ገባቸው። በ90 ዲግሪ ሲመታ ግጭቱ በጣም ይበረታል፤ ማፈንጃውን የሚመታው ሚስማር መንገዱ ላይ ይያዛል። በሰያፍ ሲመታ ግን ይሠራል።

እስቲ ይህን አስቡት። መጽሐፉ እንደሚለው አድርጎ፣ አሳምሮ የሚተኩሰው ካፒቴን ነው የሚከሽፍበት። እንደ ነገሩ በገደምዳሜ የመታው ያፈነዳል። ማሻሻያው እስኪደርስ ድረስ “አሳምራችሁ አትምቱ” የሚል ትእዛዝ ነው የተሰጠው።

ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ።

አንደኛ፣ ሦስቱ ብልሽቶች አንዱ አንዱን ደብቆት ነበር። ከታች የሚያልፍ ቶርፒዶ ስለማይጋጭ ሚስማሩ መጥፎ መሆኑ አይታወቅም። አንድ ነገር ብቻ እየቀየርክ፣ ሌላውን ሁሉ ባለበት አቁመህ ከሞከርክ እንደዚህ ነው የምትሄደው። አንዱን ትፈታለህ፣ ከኋላው ሌላው ይወጣል። እነሱ ጦርነቱ ከገባ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀባቸው።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው የቶርፒዶው ጥራት ብቻ አልነበረም። ማዕዘን ነበር፤ ክብደት ነበር፤ ጥልቀት ነበር። እነዚህ ፋክተር የምንላቸው ናቸው። ደግሞም ለየብቻ አይሠሩም፤ ይጋገዛሉ ወይም ይጣላሉ። መስተጋብር ይባላል። እንጀራ የሚጋግር ሰው ያውቀዋል። ሊጥ ሲቀጥን ምን ይሆናል ብላችሁ እናቶቻችንን ብትጠይቁ፣ “ምጣዱ ምን ያህል ግሏል?” ብለው ይመልሱላችኋል። የአንዱ መልስ በሌላው ላይ ይንጠለጠላል። ይህን ለማየት ፋክተሮቹን አብሮ መቀያየር ግድ ነው። የሙከራ ንድፍ ዋናው ብልሃት ይህ ነው።

አሁን ወደ ብዛት። ርዕሱ ላይ 29 ሚሳኤል ብያለሁ፤ ዕዳዬን ልክፈል።

አንድ ሚሳኤል ቢያንስ 90 በመቶ ይሠራል ማለት ፈለግን እንበል። በ95 በመቶ እርግጠኝነት። ስንት ተኩሰን፣ አንድም ሳይከሽፍ፣ እንዲያ ማለት እንችላለን? መልሱ 29 ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በእርግጥ 90 በመቶ ብቻ የሚሠራ ዕቃ 29 ጊዜ በተከታታይ የመሥራት ዕድሉ 0.9 በራሱ 29 ጊዜ ሲባዛ ነው። ከ5 በመቶ ትንሽ ያንሳል። 99 በመቶ ካላችሁ ደግሞ 299 ጊዜ ያለ አንዳች ክሽፈት።

“10 ተኩሰን 10ሩም መታ” የሚል ዜና ስትሰሙ ይህን አስታውሱ። ከዚያ ተነስቶ በ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚባለው “ከ74 በመቶ በላይ ይሠራል” ብቻ ነው። ከ4 አንዱ የሚከሽፍ ዕቃም ያን ፈተና ሊያልፍ ይችላል።

29ኙ ደግሞ ለአንድ ሁኔታ ነው። ለሙቀት አንድ 29፣ ለብርድ አንድ 29፣ ለሌሊት አንድ 29፣ ለዝናብ... ይህን የሚችል ግምጃ ቤት የለም። አብርሃም ዋልድ የሚባል ስታትስቲሺያን በጦርነቱ ጊዜ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ አንድ ማቃለያ አግኝቷል። አዎ፣ በጥይት የተበሳሱት አውሮፕላኖች ታሪክ ያለው ዋልድ። ያንን ፌስቡክ ላይ ሁላችሁም አይታችሁታል፤ አልደግመውም። ሌላኛው ሥራው ይበልጣል። ቁጥሩን አስቀድመህ አትወስን አለ። እየተኮስክ ቁጠር፤ ነገሩ ግልጽ ሲሆን አቁም። በአማካይ የሙከራውን ቁጥር በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ጥሩ ነው። ግን ግማሹም ብዙ ነው።

ስለዚህ ሲሙሌሽን መጣ።

እ.ኤ.አ. በ1946 ስታኒስላው ኡላም የሚባል የሒሳብ ሰው ከሕመም እያገገመ ብቻውን ካርታ ይጫወታል። “ይህ ጨዋታ የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው?” ብሎ ራሱን ጠየቀ። በቀመር ሊያሰላው ሞከረ፤ አልሆነም። “ታዲያ 100 ጊዜ ተጫውቼ ብቆጥርስ?” አለ። ሞንቴ ካርሎ የሚባለው ዘዴ ከዚህ ነው የመጣው። በዚያው ዓመት ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተር ለሕዝብ ታየ። የታዘዘው ለመድፍ ነበር። ለእያንዳንዱ መድፍ፣ በዚህ ማዕዘን በዚህ ነፋስ የት ይወድቃል የሚል ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። ሰው በእጅ ማስያ ብዙ ሰዓት የሚፈጅበትን አንድ የጥይት ጉዞ ማሽኑ በ30 ሰከንድ ገደማ ጨረሰው። የሚያስቀው ግን ሲደርስ ጦርነቱ አልቋል።

ሲሙሌሽን እንግዲህ ይህ ነው። ጥይቱ የሚሄድበትን ሕግ ጽፈህ ማሽኑ ላይ 10 ሺህ ጊዜ ትተኩሳለህ። ማንም አይሞት፣ ምንም አይባክን። ግን ሲሙሌሽን የሚያውቀው የነገርከውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ከተማ ላንሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ባቄላ የምትቀቅል ሴት ታውቀዋለች። አየሩም ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ጥይት ይርቃል። የድሮን ክንፍ የሚይዘው አየር ያንሳል። ሞተር ጉልበት ያጣል። ከዚህ በመኪና ወርዳችሁ አፋር ብትገቡ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ ሙቀቱም ሌላ ዓለም ነው። ራስ ዳሸን ደግሞ 4,500 ሜትር ያልፋል። በአንድ አገር ውስጥ! ስለዚህ “ተሞክሯል” ተብሎ የመጣ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው “ስንት ሜትር ከፍታ ላይ?” ተብሎ ነው።

ታዲያ ሁለቱን እንዴት እናጋባቸው? አካሄዱ ይህ ነው። መጀመሪያ ማሽኑ ላይ ከፍታውን፣ ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ ርቀቱን ከጥግ እስከ ጥግ እናስሳለን። ነጥቦቹን ዝም ብለን አንበትንም። እ.ኤ.አ. በ1979 ሎስ አላሞስ በሚባለው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ዘዴ አሳተሙ። ሱዶኩ የሚጫወት ሰው ወዲያው ይገባዋል። እያንዳንዱ ረድፍና ዓምድ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይነካል፤ በጥቂት ነጥብ ሰፊ ቦታ ይሸፈናል። ከዚያ ውጤቱ ድንገት የሚቀየርበትን ጠርዝ እንፈልጋለን። እስከዚህ ድረስ ይመታል፣ ከዚህ ወዲያ ይስታል የሚለውን። ያሉንን ጥቂት እውነተኛ ተኩሶች ወደዚያ ጠርዝ እንልካለን። አንድ ሁለቱን ግን ሲሙሌሽኑ “እዚህ ምንም ችግር የለም” ባለበት ቦታ ላይ እንተኩሳለን። ለምን? ውሸታም ከሆነ የሚያዘው እዚያ ነዋ።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ጥሩ ቀን፣ ጥሩ ቦታ፣ ጥሩ ተኳሽ ይመርጣል። ባለሥልጣን ይጋበዛል። ዕቃው ይሠራል፤ ይጨበጨባል። ያ ሙከራ አይደለም። ምረቃ ነው።

አንድ መሣሪያ ግን ከማንኛውም ንድፍ ያመልጣል። ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ ፋክተር ያለበት መሣሪያ። እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 1991፣ ሳዑዲ አረቢያ፣ ዳህራን። ፓትሪዮት የሚባለው ሚሳኤል መከላከያ አንድ የኢራቅ ስከድ ሚሳኤል አመለጠውና 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ሚሳኤሉ ደህና ነበር። ራዳሩ ደህና ነበር። ሰዓቱ ነበር ችግሩ። ሥርዓቱ ጊዜን በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ይቆጥራል። አንድ አሥረኛ ደግሞ በኮምፒውተሩ የሁለትዮሽ ቁጥር ልክ አይጻፍም፤ ጫፉ ይቆረጣል። የምትቆረጠው ኢምንት ናት። ግን ማሽኑ ሳይጠፋ ከ100 ሰዓት በላይ ሠርቷል። ኢምንቷ ተጠራቅማ 0.34 ሰከንድ ገደማ ሆነች። ስከድ በዚያች ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ራዳሩ የተሳሳተ የሰማይ ቦታ ፈለገ። የተስተካከለው ሶፍትዌር ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነው።

ይህን ለማግኘት ሚሳኤል መተኮስ አያስፈልግም ነበር። ክፍል ውስጥ አብርቶ ለአምስት ቀን መተው በቂ ነው። ግን “ስንት ሰዓት ሳይጠፋ?” የሚለው ማንም ዝርዝር ላይ አልነበረም። ሲሙሌሽንም አይነግርህም፤ ያልነገርከውን አያውቅማ። እኔ በግሌ ከስልት ሁሉ በላይ የማምነው ዝርዝሩ በሚጻፍበት ቀን ጠረጴዛው ዙሪያ ማን እንደተቀመጠ ነው። መሐንዲስ ብቻ ከሆነ እፈራለሁ።

በሕግም የሞከሩት አሉ። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1983 መከላከያ ሚኒስቴሩ ውስጥ ዕቃውን ከሚገዙት የተለየ የሙከራ ቢሮ አቋቋመ። ቢሮው እ.ኤ.አ. በ2010 ሙከራ ሁሉ በንድፍ ይሁን የሚል መመሪያ አወጣ። ፊሸር ከጻፈው ከ75 ዓመት በኋላ። ወታደር ቤት ፈጣን ነው የሚል ካለ ይህን ያስታውስ።

እስቲ አሁን አብረን እንሥራ። (ሰሌዳውን እዚህ ጋ አዞርኩት።) ለአዲስ አበባ የመገናኛ ሬዲዮ እንፈትን። ወታደር ይያዘው፣ እሳት አደጋ ይያዘው፣ ግድ የለም። አራት ፋክተር እንውሰድ። ቦታ፦ እንጦጦ ጫፍ ወይስ መርካቶ የቆርቆሮ ሱቆች መሐል። ባትሪ፦ አዲስ ወይስ የሰነበተ። ሰዓት፦ ጠዋት ወይስ ከሰዓት። ያዥ፦ የሠለጠነ ወይስ አዲስ ምልምል። እያንዳንዱ ሁለት ደረጃ ካለው ጠቅላላው 16 ሙከራ ነው። ገንዘብ ለ8 ብቻ አለን። ግማሹን በብልሃት ከመረጥን አራቱንም ፋክተር እናያለን። የምንከፍለው ዋጋ አለ፤ ጥንድ መስተጋብሮች ሁለት ሁለት ሆነው ይደራረባሉ፤ የትኛው መሆኑን ለመለየት ሌላ ጥቂት ሙከራ ያስፈልጋል። እንቀበለው።

አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። “አዲሱን ባትሪ ጠዋት ጨርሰን የቆየውን ከሰዓት ብንሞክር አይቀለንም?” አለ። ይቀላል። ግን ክረምት ነው። አዲስ አበባ ከምሳ በኋላ ምን እንደምትሆን አሁን ጣራው እየነገራችሁ ነው። ያኔ የባትሪውን ድካም ከዝናቡ ማን ይለየዋል? ለዚህ ነው ዕጣ።

ከኋላ አንዲት ልጅ “ዕጣው ስምንት ጊዜ እንጦጦና መርካቶ ካመላለሰንስ? የታክሲው ማን ሊከፍል ነው?” አለች። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ደስ አለኝ። ትልቅ ጥያቄ ነው። ቦታን መቀየር ይከብዳል፤ ባትሪን መቀየር ቀላል ነው። ስለዚህ ቦታውን በትልቁ ዕጣ እናወጣለን፤ እንጦጦ ከወጣን እዚያው ያለውን ሁሉ በትንሹ ዕጣ ደልድለን ጨርሰን እንወርዳለን። ሁለት እርከን ዕጣ። ይህም ከማሳ የመጣ ነው፤ ትራክተር በየካሬ ሜትሩ አይዞርምና። ስናሰላ ግን እንጦጦ ስንት ጊዜ እንደወጣን አንረሳም። አንድ ጊዜ ወጥተን አራት ሙከራ ብናደርግ፣ ስለ እንጦጦ ያለን ማስረጃ አንድ ነው እንጂ አራት አይደለም። ብዙ ሪፖርት የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ልጨርስ ስል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጋቢ ደርበው የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አነሱ። ድሮ የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ኦፕሬተር እንደነበሩ ነገሩን።

“ልጄ፣ የጻፍከው ሁሉ ጥሩ ነው” አሉ። “እኛ ጋ ዕቃ ሲመጣ ግቢ ውስጥ ይሞከራል። ኦፕሬተሩ እዚህ፣ ሌላው አጥሩ ጋ። ጥርት ብሎ ይሰማል። እንፈርማለን። ቆላ ስንወርድ ከቀትር በኋላ ይንፈቀፈቃል እንጂ አያወራም።”

“እርስዎ ዝርዝሩ ላይ ምን ይጨምሩ ነበር አባቴ?” አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ።

“ስንረከብ ሬዲዮውን የሚያሳየን ዕቃውን ያመጣው ሰውዬ ነበር” አሉ። “ባትሪውንም ከቦርሳው አውጥቶ የሚያስገባው እሱ ነው። ሲሄድ ይዞት ይሄዳል። እኛ የምንይዘው ሳጥን ውስጥ የመጣውን ነው።”

ሰሌዳው ላይ፣ ከአራቱ ሥር፣ “ባትሪው የማን ነው?” ብዬ ጻፍኩ። አምስተኛ ፋክተር። ስምንቱን ሙከራ እንደገና መደልደል ጀመርን፤ ሻይ ቀዘቀዘ ብለው እስኪጠሩን ድረስ።